ከመጨረሻው ጀምር

ውድ አባዬ፣

በሕይወት ብትኖር ይህን አልጽፍልህም ነበር፤ ወጥ ቤት ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ራስህ ባስተማርከኝ መንገድ እመረምርህ ነበር። አሁን ግን አንተ መልስ አትሰጥ፣ እኔን ደግሞ ነገሩ እየበላኝ ነው።

በቀብርህ ዕለት የሕይወት ታሪክህን ያነበብኩት እኔ ነኝ። በወታደርነትህ ዘመን የቆሰለ ጓደኛህን አዝለህ ከጦር ሜዳ እንዳወጣህ፣ «ጥለኸኝ ሂድ» ሲልህ እምቢ እንዳልክ፣ ከዚያም ዕድሜህን በፖሊስ መርማሪነት እንደጨረስክ ሳነብ ሰው ሁሉ ተንሰቀሰቀ። «ጠርጥሬ» እያሉ ሲቀልዱብህ የኖሩት የጣቢያ ባልደረቦችህ እንኳ ኮፍያቸውን አውልቀው አለቀሱ። ከኋላ፣ ግንቡን ተደግፈው የቆሙ አንድ ሽማግሌ ብቻ አንገታቸውን ደፍተው ጫማቸውን ያያሉ። ያንተ ልጅ ነኝና ዓይኔን ከሳቸው ላይ አልነቀልኩም።

በሳምንቱ ቤታችን መጡ። ከአባትሽ ጋር አንድ ግንባር ነበርን አሉ።

«ታዲያ እርስዎ ነዎት አባቴ ያዘለዎት?» አልኳቸው።

«ይሁን ልጄ፤ እሱ እንዲያ ካለ እንዲያ ነው» አሉ።

ነገሩ አልጣመኝም። «ይሁን» የሚል ሰው ሆዱ ውስጥ ሌላ ነገር አለ፤ ይህንንም ካንተ ነው የተማርኩት። ወይ ቤቱን ወይ ሜዳይህን ፈልገው ነው የመጡት ብዬ፣ ሞኝዎን ይፈልጉ አልኩ በልቤ። ያዝ አድርጌ አፋጠጥኳቸው። በመጨረሻ «ያዘልኩትስ እኔ ነበርኩ» ብለው ተነፈሱ።

ደሜ ፈላ። እማዬ ከጓዳ ብቅ ብላ «ለቅሶ የመጣን ሰው እንደ ሌባ ታፋጥጪያለሽ? አባትሽን ቀብረን አመሉን አንቺ ላይ አስቀረነው!» አለችኝ። አልሰማኋትም። በልጅነቴ ብርጭቆ የሰበርኩ ቀን ትዝ አለኝ፤ «ድመቷ ናት» ስልህ «ከመጨረሻው ጀምሪና ወደ ኋላ ንገሪኝ» አልከኝ፤ መሃል ላይ ስደርስ ድመቷን ረሳኋት። ያኔ እየሳቅክ «ውሸት ከመጀመሪያ ወደ መጨረሻ ይሸመደዳል፤ ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ሲሄድ ግን እግሩ ይተሳሰራል» አልከኝ።

«ጋሼ፣ እስቲ ከመጨረሻው ይጀምሩልኝ» አልኳቸው።

ምንም አልከበዳቸውም። «መጨረሻ ላይ የሐኪሞቹ ድንኳን ውስጥ አስተኛሁት፤ አንድ እግሩ ባዶ ነበር። ከዚያ በፊት ወንዙን ስንሻገር ጫማውን ውሃ ወሰደው። ከዚያ በፊት ዳገቱ ላይ አንቆ ሊገድለኝ ሆነ፤ ‹ወንድሜ፣ አንገቴን ልቀቅ! እጅህን በብብቴ ሥር አሳልፈህ ደረቴ ላይ ቆልፍ› አልኩት። ከዚያ በፊት፣ ጭኑን እንደተመታ፣ ‹አትጣለኝ› እያለ ያለቅስ ነበር።»

ክው አልኩ።

አባዬ፣ ታመህ ከአልጋ ወደ መታጠቢያ ቤት ያዘልኩህ እኔ ነኝ። መጀመሪያ ጀርባዬን የሰጠሁህ ቀን፣ ምንም ሳልልህ እጆችህን በብብቴ ሥር አሳልፈህ ደረቴ ላይ ቆለፍካቸው። «ማን አስተማረህ?» ስልህ «ዝም ብለሽ ተራመጂ» አልከኝ። ጭንህ ላይ ያለውንም ጠባሳ የሽቦ አጥር ነው ስትለኝ ኖረሃል።

ስንቱን ሌባ ከመጨረሻው እያስጀመርክ ስታጋልጥ የኖርክ ሰውዬ! በልጅነቴ ያንን የጦር ሜዳ ታሪክ ስትነግረኝ፣ «ወንዙ ጋ ከደረሳችሁበት ንገረኝ» ስልህ «አይሆንም፣ ከመጀመሪያው» ትለኝ ነበር። እኔ ታሪኩ ጣፍጦህ ይመስለኝ ነበር። በሬሳህ ፊት፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ አስዋሸኸኝ። በጣም ነው የተናደድኩብህ።

«ቀብሩ ላይ ስዋሽ ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው።

«ያኔ ያልጣልኩትን፣ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ልጣለው?»

አሁንም መጠርጠሬን አልተውኩም፤ አመል ነው። «ታዲያ ምን ፈልገው መጡ?»

«ከዚያ ድንኳን በኋላ አላየሁትም» አሉ። «እግሩ ድኖለት እንደሆነ ልጠይቅ ነው።»

በዚያው እግሩ ከተማውን ሲዞር፣ ሌባ ሲያባርር ነው የኖረው አልኳቸው። «ተመስገን» ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ። እሳቸው ሲያለቅሱ ያየሁት ያኔ ነው። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ፤ በንዴት ይሁን በናፍቆት አላውቅም።

የመቃብርህ ድንጋይ የሚቆም ቀን ታሪክህን እንደገና አነባለሁ። እሳቸው ከፊት ይቀመጣሉ፤ ያችን ዓረፍተ ነገር አቃናታለሁ። ጓደኞችህ ያጉረመርሙ ይሆናል፤ ያጉረምርሙ። ማን እንዳዘለህ ይስሙ፤ ከዚያ እኔ ከነእውነትህ ዳግመኛ እንደማዝልህ ያያሉ። አትፍራ አባዬ፣ እኔም አልጥልህም።

ካንተ ብሳ የምትጠረጥር፣
ያዘለችህ ልጅህ