አረንጓዴው ከላይ

ባሕር ዳር፣ መስከረም 20 ቀን 1971 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለጀላሉዲን፣ ካለህበት ግንባር።

በክረምቱ የሞላውን የጣናን ውኃ ያህል ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን።

ለአብዮት በዓል ወሩን ሙሉ በየደጁ ባንዲራ ይሰቀል ተባለ። እማ የድሮውን አወጣችና የተሰፋበትን አንበሳ ተርትራ ሰቀለችው። በማግስቱ ሁለት የቀበሌ ሰዎች በራችንን አንኳኩ። እማ ገና ስታያቸው መርዶ ይዘው የመጡ መስሏት ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች።

«ባንዲራው ተዘቅዝቋል! አረንጓዴው ነው ከላይ የሚሆነው!» ብለው ጮኹባት።

«ለዚህ ነው የመጣችሁት? ለዚህ ብቻ?» ብላ እያለቀሰች መረቀቻቸው። በኋላ «አንበሳው እያለ ላይና ታቹ አይጠፋኝም ነበር» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ጧት ማታ እየወጣች ታየዋለች። አባ አረንጓዴው ልምላሜ፣ ቢጫው ተስፋ ነው እያለ ያስረዳታል፤ ቀዩ ላይ ሲደርስ ወሬ ይለውጣል።

ትናንት እነዚያው ሰዎች በራችንን አልፈው እትዬ ሸዋዬ ቤት ገቡ፤ አብሮህ የዘመተው የአለበል እናት ቤት። ወጣሁና ባንዲራቸውን አየሁት። አረንጓዴው ከላይ ነበር።

ይህ ሦስተኛው ደብዳቤዬ ነው። ረጅም መልስ አልለምንህም፤ ስምህን ብቻ በራስህ እጅ ጽፈህ ላክልን።

አላህ ከክፉ ይጋርድህ።

እህትህ ዘይነት