በበሺር ድምፅ ላይ ስለተቀዳው የጥጥ ለቀማ ዜና

ለተከበሩ ጓድ የሬድዮና የቴፕ ጥገና አገልግሎት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎት፣ ቤተሰብዎም ሁሉ በሰላም ወጥቶ በሰላም እንዲገባ ከልብ እመኛለሁ። እኔ መጋላ ውስጥ አነስተኛ ሱቅ ያለኝ ፋራህ ዒሴ ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎት ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑና ስብሰባዎን ማቋረጥ ድፍረት ስለመሰለኝ ነው።

እህቴ ሃሊሞ ማንበብ አትችልም። ስለዚህ ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን የሄደው አንድ ልጇ በሺር በደብዳቤ ፈንታ ድምፁን በሶማልኛ በካሴት እየቀዳ በሰው ይልክላት ነበር። የመጨረሻው ካሴት የደረሳት የልጁ መርዶ ከተነገራት በኋላ ነው። ከፍታ ማዳመጥ ስትጀምር፣ ልጁ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ፣ ቴፑ ክሩን በላው። እሷም ካሴቱ እንደተነከሰ ቴፑን ታቅፋ ወደ ድርጅትዎ መጣች፤ ቴፑ ባይሠራም ግድ የለኝም፣ ክሩን ብቻ አውጡልኝ ብላ ለመነች። እንግዲህ ምስጋናችን የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ሠራተኛዎ ጣቷን ቀለም አስነክቶ ደረሰኙ ላይ አስፈርሟታል። በደረሰኙ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፣ በዕቃው ውስጥ ለሚገኝ ማናቸውም ነገር ድርጅቱ ኃላፊ አይደለም የሚል ተጽፏል። ያነበበላት ሰው አልነበረም። ማንበብ የማትችል ሴት አንብባ መፈረም እንደነበረባት በኋላ ስለተነገረን፣ ለትምህርቱ እጅግ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ባለሙያዎ ክሩን በጥንቃቄ አውጥቶ ቴፑን ጠገነ። መቅዳት መቻሉን ሲፈትሽም ሌላ ካሴት ፍለጋ አልደከመም፤ እዚያው ባገኘው ላይ ከሬድዮ የጥጥ ለቀማ ዘመቻ ዜና ቀዳበት፣ ገልብጦም ሁለተኛውን ፊት በማርሽ ሙዚቃ ሞላው። ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ በዚህ በኩል ቅሬታ የለንም።

ሦስተኛ፣ አቤት ስንል ውሉ የቴፕ ጥገና ነው፣ ቴፑም ይሠራል ተባልን። እውነት ነው፣ ይሠራል። እኔ ሕግ አላውቅም፤ ነገር ግን ደንበኛው ምን ፈልጎ እንደመጣ ሳይጠይቅ ጣቱን ብቻ የሚፈልግ ውል ማንን ለመጠበቅ እንደተጻፈ ለመረዳት ዳኛ መሆን አያሻም። እህቴ ያን ቀን ከግቢዎ ስትወጣ የልጇን መርዶ እንደገና የተረዳች መሰለኝ። በፊተኛው መርዶ ጎረቤት ሁሉ አብሯት ተቀምጧል፤ ለካሴት ግን ማን ለቅሶ ይቀመጣል? እኔም ከልቤ አዝኛለሁ፤ ምላሴ የተሳለው ከዚሁ የተነሣ ስለሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ለዕቃችን ስላሳዩት ታማኝነት ባለዕዳዎ መሆኔን እየገለጽኩ፣ የሚሠሩ ቴፖች በእጅዎ እንዲበዙ፣ የሚጠፋ ድምፅም ወደ ቤትዎ እንዳይደርስ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ፋራህ ዒሴ
መጋላ፣ ድሬዳዋ
ጥር ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ሳልጽፈው የቀረ፦ ሃሊሞ አንድ ነገር እንድጠይቅላት አዝዛኛለች። ባለሙያዎ ዜናውን ከመቅዳቱ በፊት ካሴቱን ጥቂት አዳምጦት እንደሆነ፣ ሶማልኛ ባያውቅም ግድ የለም፤ ልጁ ሲያወራ ይስቅ ነበር ወይስ ያለቅስ ነበር? ያንን ብቻ ይንገራት።