ከሲታ ቦኖ አይንካ ላሉት ሊቀመንበራችን

ለክቡር ጓድ አየነው፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበርና የውሃ ቦኖው ቁልፍ ጠባቂ
ድሬዳዋ፣ መጋቢት ፲፱፻፹፩ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና ቦኖው አጠገብ ዘርግተው የሚቀመጡበትን የጃንጥላዎን ጤና እየጠየቅሁ አብዮታዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በመቀጠል አንድ ከባድ ወንጀል እናዘዛለሁ፦ ይህ የምጽፍበት ወረቀት የእርስዎ ነው። ትናንት ከቀበሌው ሰሌዳ ላይ የገነጠልሁት ማስታወቂያዎ ሲሆን፣ ፊቱ «ኤድስ ስለገባ የከሳ ሰው ቦኖ እንዳይነካ» ይላል። በጀርባው ላይ ምንም ስህተት ስላላገኘሁ እዚያው ጽፌአለሁ።

በዚህ ማስታወቂያ የተነሳ የአባቴ እህት ኤዶ ዳሃቦ ከቦኖው ከተባረረች ሳምንቷ ነው። ወባ ባዛለው ጉልበቷ የደረቀው ደቻቱ ወንዝ ወርዳ አሸዋ እየማሰች ውሃ ትጨልፋለች። እሷ እንደምትለው ወላሂ ስትዳርም ከሲታ ነበረች፤ ያኔ ቅር ያላቸው አማቷ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ ከስብሰባዎችዎ ርዝመት ተረድተናል።

፩. ጠላትን በመልኩ ለመያዝ መነሳትዎን አደንቃለሁ። ሆኖም የባዮሎጂ አስተማሪያችን ጋሽ በቀለ እንዳስረዱን፣ የኤድስ ቫይረስ ከጅቡቲ ባቡር እንደሚወርዱት የኛ ኮንትሮባንዲስቶች ነው። የጉምሩክ ጠባቂዎቹ ፊናንሶች «ባለ ቀይ ሽቲ ቀሚሷን ያዙ» ተብለው የጣቢያው በር ላይ ሲያፈጡ፣ ሴትዮዋ በቢጫ ሽቲ ሰላም ብላቸው ታልፋለች። ቫይረሱ ግን አስቦበት አይደለም። ራሱን የሚገለብጠው እኔ የቤት ሥራ እንደምገለብጠው በጥድፊያ ስለሆነ ስህተት ይበዛበታል። አብዛኛው ስህተት ከንቱ ነው፤ አንዳንዱ ግን አዲስ ልብስ ይሆንለታል። የሰውነታችን ዘበኞች፣ ማለትም ነጭ የደም ሴሎች፣ የትናንቱን ልብስ አጥንተው እስኪጨርሱ እሱ የዛሬውን ለብሶ ሄዷል።

፪. ይባስ ብሎ የሚደበቀው በነዚያው ዘበኞች ውስጥ ነው፤ የኮንትሮባንድ ዕቃውን በፊናንሱ አልጋ ሥር እንደማሳደር ማለት ነው። (ይህን ዘዴ በቀበሌያችን ማን እንደሚያውቀው አልናገርም፤ እርስዎ የለበሱት የጃፓን ሸሚዝም አይናገርም።) በዚህ መሃል ሰውየው ለዓመታት ወፍሮና አምሮበት ሊኖር ይችላል። ነጭ የደም ሴሎች በዓመታት ያቃታቸውን እርስዎ ከጃንጥላ ሥር በዓይን ብቻ መጨረስዎ ለሳይንስ ትልቅ ድል ነው።

፫. በቦኖ አይተላለፍም። ጋሽ በቀለ ሦስት ጊዜ ስለደገሙት እኔ አንዴ ብዬ አልፋለሁ። ኤዶ ዳሃቦ ያመማት ወባ ባይሆንና ኤድስ ቢሆን እንኳ ውሃ ይጠማታል።

፬. ይህኛውን ኤዶ ዳሃቦ ራሷ በሶማሊኛ ብትነግርዎ ይሻላል። እኔ ተርጉሜ መታሰር አልፈልግም።

ስለ ትጋትዎ ያለኝ ምስጋና እንደ ደቻቱ ጎርፍ ነው፤ በስንት ጊዜ አንዴ ይመጣል፣ ሲመጣ ግን መሸሽ ይበጃል።

ከእግርዎ ሥር ትንሽ ራቅ ብሎ የሚሰግድልዎ፣
ስሙን ለጥንቃቄ ሲል ያልጻፈ የቀበሌው ልጅ

የቀረች ነገር፦ እርስዎም ባለፈው ወር በወባ ተኝተው ከተነሱ ወዲህ ቀበቶዎ ሦስት ቀዳዳ እንደገባ ቦኖ ላይ የተሰለፈው ሁሉ ቆጥሯል። ስለዚህ በራስዎ ማስታወቂያ መሠረት ከዛሬ ጀምሮ ቦኖውን እንዳይነኩ በትሕትና አሳስባለሁ። ደቻቱ ላይ ኤዶ ዳሃቦ ጉድጓዷን ታካፍልዎታለች፤ እሷ የከሳ ሰው አትፈራም።

ደብዳቤውን ሰሌዳው ላይ ለጥፌ ይህችን መስመር ቆሜ ስጨምር፣ አንድ ሰው በአንድ እጁ ሱሪውን እንዳይወልቅ ይዞ ወደኔ እየሮጠ ነው። ክቡር ሆይ፣ በሌላኛው እጅዎ የያዙት የቦኖው ቁልፍ ከሆነ ኤዶን ልጥራት፤ ዱላ ከሆነ ግን

«ቁም! አንተ የዳሃቦ ወንድም ልጅ፣ አንተ ሰማታር!»