በጎኑ የተሣለው ፀጉር አስተካካይ

ኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ? የደሴ ብርድ ጠናብዎት ወይ? እኔ ከናፍቆትዎና ከኮምቦልቻ ሙቀት በቀር ምንም አልሆንኩም። ለፋሲካ ያልመጣሁት አኩርፌ ነው፤ አልዋሽዎትም።

ስንለያይ፣ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ትተህ የሱቅ ታፔላ ልትቀባ ነው ወይ፣ ሰው የማይሳለመው ሥዕል ምን ይረባል ብለውኝ ነበር። እኔም ቀለሜን ሸክፌ ኮምቦልቻ ወረድኩ። አሁን መልሱን ያገኘሁ ይመስለኛል፤ ያገኘሁት ግን ተዋርጄ ነው።

እዚህ ጸጋው የሚባል ፀጉር አስተካካይ አለ። ግራ ዓይኑን በደርግ ጊዜ ጦርነት ላይ ትቶት የመጣ ሰው ነው። በሱቄ በር ላይ መልኬን ሣልልኝ አለኝ። አዘንኩለትና የጠፋው ዓይን እንዳይታይ ብዬ በጎኑ፣ በደህናው ዓይን በኩል ሣልኩት። ሲያምር! ራሴን በራሴ አደነቅሁ።

ይኸኔ ራስዎን ይዘዋል። ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ከሐዲ በጎኑ በአንድ ዓይን ይሣላል ብለው በአለንጋ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ለታፔላም ይሠራል ብዬ መች አሰብኩ? ፊት ለፊቱ ጠላ የምትሸጠው አልጣሽ ግን ገና ስታየው አማተበች። ጸጋውን ይሁዳ አድርጎ ሥሎታል ብላ ለማኅበርተኞቿ አወራች። ደንበኛው ሁሉ ሸሸ፤ ይሁዳ አንገቴ ላይ ምላጭ አያሳርፍም ያላለ የለም። የቀረው የጭነት መኪና ሾፌሩ የሱፍ ብቻ ነው። እሱም ፂሙን እየተስተካከለ፣ ወላሂ ያለ ወረፋ እንዲህ ተመችቶኝ አያውቅም አለ አሉ።

ጸጋው ቤቴ ድረስ መጣ። ይደበድበኛል ብዬ በሩን ያዝኩ። እሱ ግን ቁጭ አለና፣ ደንበኛው ይመለሳል፣ የከፋኝ ሌላ ነው አለኝ። በዚህ ዓይን አሥር ዓመት ሰው ፊት ቆሜአለሁ፣ አላፈርኩበትም፤ አንተ ማን ሆነህ ነው የምታፍርልኝ አለ። አባቴ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ ፊት ለፊት ሣልኩት፤ አንዱ ዓይን ክፍት፣ አንዱ ድፍን፣ እንዳለ። ደንበኛው ቀስ በቀስ ተመለሰ። አልጣሽ ደግሞ ሌላ ክስ አመጣች፤ ሥዕሉ ጠዋት ጠዋት ይጠቅሰኛል አለች። መንገድ ትቀይራለች ስንል ነጠላዋን አሳምራ በዚያው በር ማለፍ አበዛች። አሁንማ ለጸጋው ጠላ ትልክለታለች። የማይሳለሙት ሥዕል ምን እንደሚረባ እንግዲህ እሷን ይጠይቁልኝ።

እናቴ ጽፋልኝ ነበር። የዓይን ሞራ ግራ ዓይንዎን ከጋረደው ወዲህ እንግዳ ሲመጣ ወደ ግድግዳው ዞረው ይቀመጣሉ አሉ። ለግንቦት ልደታ ቀለሜን ይዤ እመጣለሁ። ወንበርዎን መስኮቱ አጠገብ ያድርጉልኝ፣ ፊትዎን ወደ እኔ።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ምርቃትዎ አይለየኝ።

ጉልበትዎን የሚስመው፣
ታፔላ ቀቢው ልጅዎ