የቱሊ ጉንጭ

ኅዳር 12
ጠዋት ሞርጂና ኻላ ቤት ሄጄ የሳንባ ነቀርሳውን ክኒን ዋጥኩ። ዘመዴ ባትሆንም እንደ አክስት ኻላ እላታለሁ። የመንደሩን መድኃኒት የምታድለው እሷ ናት፤ አፌን አስከፍታ ምላሴን ካላየች አትለቀኝም። ፖሊስ መሆን ነበረባት። ቫይታሚኑን ግን የወሩን በሙሉ ለእማ ነው የምትሰጣት፣ ቤት እንድውጠው። "ክኒኑ ከሰውነትሽ ቫይታሚን ይጠርጋል፤ አንዱን ያለ አንዱ እንዳትወስጂ" ትላለች። በቀን አንድ እንቁላልም አዝዛልኛለች። አስኳሉን ለቱሊ ሰጠኋት። ታናሽ እህቴ አይደለች... እያየችኝ እንዴት ብቻዬን እበላለሁ?

ታኅሣሥ 3
ቫይታሚን የለም። እማ "ከጤና ጣቢያ አልመጣም አሉ" አለች። እንግዲህ ሲመጣ ይምጣ።

ጥር 9
እግሬ... ውስጥ እግሬን ፍም የረገጥኩ ያህል ይለበልበኛል። በዚህ ብርድ ኩሬው ውስጥ ነክሬው ተቀመጥኩ። ጎረቤት አይታኝ ሳቀች። እማ፣ መድኃኒቱ ሲሠራ ነው ትላለች። ቱሊ "አይዞሽ አፓ፣ አይዞሽ እህቴ" እያለች በሰናፍጭ ዘይት አሸችልኝ። ከእሷ በቀር ማን አለኝ? ጉንጯ ሞላ ሞላ ብሏል፤ አምሮባታል። አስኳሉ ነው አልኩ በልቤ። ደስ አለኝ።

ጥር 20
አርብ ቱሊን ለልጃቸው ሊያዩ ሰዎች ከቦግራ ከተማ ይመጣሉ። እኔ ማድ ቤት ነኝ። እንዳልስልም ታዝዣለሁ።

ጥር 23
መጡ። ሻርፔን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ በቀርከሃው ግድግዳ ቀዳዳ አየሁ። ፀጉሯን አስፈቷት፣ ጥርሷን አዩ። አንካሳ እንዳትሆን "እስቲ ወዲያ ወዲህ በይ" አሏት። ቀጥ ብላ ሄደች። የልጁ እናት ሞላ ያለች ናት ብላ ወደደቻት። እማ ደግሞ "ቤታችን በሽታ የሚባል አያውቅም" አለች።
ቤታችን... እኔ የማን ነኝ ታዲያ? ሲሄዱ ልነሳ ብል እግሬ እምቢ አለኝ።

ጥር 26
ሞርጂና ኻላ አረማመዴን አይታ፣ ቫይታሚኑን አትውጪም እንዴ፣ እሱ ሲጎድል እኮ ነው እግር የሚያቃጥለው አለችኝ። አልመጣም ተባለ አልኳት። መዝገቧን ገለጠች።
"ልጄ፣ ሦስቱንም ወር በእናትሽ እጅ ሰጥቻለሁ።"
ቤት ገብቼ የቱሊን የልብስ ሳጥን ከፈትኩ። ለአርብ ከለበሰችው ሳሪ ሥር ባዶ የቫይታሚን ማሸጊያ... ስድስት። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

ጥር 27
እማ አልካደችም። እዚህ ቫይታሚን ያወፍራል ይባላል፤ ቀጫጫ ልጅ ደግሞ ባል አያያትም። "አንቺን አሁን ማን ያይሻል? የእሷ ጊዜ እንዳያልፍ ነው" አለች፤ ሩዝ እየለቀመች፣ ቀና እንኳ ሳትል። እሺ... እማ ሁለት ልጅ ይዛ አንዷን መረጠች። ቱሊስ? እግሬን ስታሸኝ የኖረችው ቱሊ?
"ታውቂ ነበር?" አልኳት።
"እግርሽን ሲያቃጥልሽ ልተወው ነበር አፓ። እማ፣ እስኪያዩሽ ብቻ አለችኝ።"
ልተወው ነበር! ይህን ሳታውቅ ብታደርገው ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 25
ቫይታሚኑንም አሁን ሞርጂና ኻላ ቤት እውጣለሁ፤ ምላሴን እያሳየሁ። ከገዛ እናቴ የሚጠብቀኝ ሰው አስፈለገኝ... ይህ ነው የሚያሳፍረኝ። ማቃጠሉ ትንሽ በረድ ብሏል። የእግር ጣቶቼ ግን እንደደነዘዙ ናቸው። ይመለሳሉ ወይ ብላት እናያለን አለችኝ። የቱሊ ሰርግ ቀን ተቆርጧል።
ምሳ ላይ እንቁላሌን ልጬ ለሁለት ከፈልኩት። ቱሊ እንደ ልማዷ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አስኳሉን እያየችኝ በላሁት።