ሳታቋርጠኝ የሰማኸኝ ቀን

ካሳይ፣
ዛሬ ቂርቆስ እናቴ ጋ ነው የማድረው። ውሃ ከመጣ በርሜሉን ሙላው።

የእድሩ ዳኛ መጥተው «ከተፋታችሁ በኋላ አባልነቱ በማን ስም ይቀጥል?» አሉኝ። ሐሙስ ከጠበቆቻችን ጋር ስንቀመጥ እናንሳው። ፍርድ ቤት ሳንቆም ተነጋግረን ልንጨርስ ፈርመን የለ?

ከዚያ ጠረጴዛ ውጪ ስለ ፍቺው ላናወራም ተስማምተናል፤ ይቺን ግን ልበልህ።

ትናንት ጠበቆቹ ፊት አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥ ስለተባለ፣ እስከ መጨረሻው ሰማኸኝ። አንተ ስትናገር እኔ ስልኬን መነካካቴ ልክ አልነበረም፤ እንባዬን ልደብቅ ብዬ ነው።

እዚሁ ሶፋችን ላይ፣ ጠበቃ መሃላችን ሳይቀመጥ፣ አንድ ቀን እንዲህ ሰምተኸኝ ቢሆን ኖሮ…

በቃ፣ ተወው።
ሽሮው ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ አሙቀህ ብላ።

ትርሓስ