የመጀመሪያው ጭብጨባ ጠንከር ይላል

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ ገንዳ ውሃ

ባለቤቴን ጥሩወርቅን ቀብረናት ዛሬ ሣልስቷ ነው። ኖርዌይ ያለችው ልጃችን አልማዝ ግን ገና አልሰማችም። መርዶ በስልክ አይነገርም ተብሎ፣ እዚያ ያሉ ያገሯ ሰዎች ቅዳሜ ሲነጋጋ ቤቷ ሄደው ሊነግሯት ነው። እስከዚያ ዋሽ ተብያለሁ፤ እኔ ደግሞ ውሸት አይሆንልኝም።

ዛሬ ስልኩ ሲጮህ የለቀስተኛው ድምፅ እንዳይሰማ ከድንኳኑ ወጥቼ ከሰሊጥ መጋዘኑ ጀርባ ሄድኩ። የአልማዝ ልጅ ሊያ ነበረች።

«አባባ፣ እማማን ስጠኝ። ዛሬ ትምህርት አለን።»

«ጸበል ሄዳለች» አልኳት።

ሊያ ለአያቷ የኖርዌይን ቋንቋ የምታስተምራት በጭብጨባ ነው። ሴት አያት «በስተሙር» ትባላለች። ቃሉ ከሁለት የተገጠመ ስለሆነ መጀመሪያ «በስተ» እና «ሙር» ብለው ይለዩታል። ከዚያ በስ፣ ተ፣ ሙር እያሉ ያጨበጭባሉ። የመጀመሪያው ጭብጨባ ጠንከር ይላል፣ የቀሩት ቀለል ይላሉ። ጥሩወርቅ ግን ሁልጊዜ መጨረሻውን «ሙ...ር» ብላ ትጎትተዋለች፤ ልጅቱ በሳቅ ትፈርሳለች።

«እሺ፣ አንተ በል» አለችኝ።

ስልኩን በትከሻዬ ይዤ አጨበጨብኩ። የመጀመሪያውን አጠንክሬ፣ ልክ እንደምትለው አልኩት።

«ጎበዝ አባባ! እማማ እኮ አልቻለችም። ስትመጣ አንተ አስተምራት፣ እሺ?»

«እሺ» አልኳት።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ወደ ድንኳኑ ወዲያው አልተመለስኩም። የመጋዘኑን ግድግዳ ተደግፌ፣ እንደሷ መጨረሻውን ጎትቼ፣ አንዴ ጠራኋት።